አሮጌ ጄት ጠግኖ ማብረር፦ ዕብደት ወይስ ውለታ መመለስ?

«ካረጁ አይበጁ» ይላል ተረታችን። ይህንን ተረት ይዞ አሜሪካ፣ ካናዳ ወይም እንግሊዝ አገር አንዳንድ ትንንሽ የአውሮፕላን ማረፊያዎች ብቅ ያለ ሰው ግን አፉን ይዞ ነው የሚመለሰው። ለምን ቢሉ፣ እዚያ መጋዘን ውስጥ ከሰባ ዓመት በፊት የተሠራች፣ ከጦሩ ጡረታ የወጣች የማሰልጠኛ ጄት ሆድ ዕቃዋ ተዘርግፎ ያገኛታል። ዙሪያዋን ደግሞ ቅዳሜና እሁዳቸውን የሠዉ ሰዎች ከብበዋታል። ግማሾቹ ፀጉራቸው የሸበተ የቀድሞ አብራሪዎችና መካኒኮች ናቸው። ግማሾቹ ገና ጢም ያላበቀሉ ጎረምሶችና ኮረዶች ናቸው። ደመወዝ የለም፤ አበል የለም። የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነው። አሮጊቷ ተነሥታ እንድትበርና ዘማቾች በሚታሰቡበት ቀን በሰማይ ላይ እንድታልፍ!

ይህንን ወሬ ለአንድ ጓደኛዬ ባወራው «የጠገበ ሰው ሥራ!» ብሎ ዘጋኝ። እናንተም እንደሱ ሳትሉ አትቀሩም። «ሰው የአያቱን ቮልስ አድሶ ቢነዳ ያምርበታል፤ ጄት ግን ምን ይሉታል?» ትሉ ይሆናል። እስቲ ችኮላውን ትተን ነገሩን አብረን እናገላብጠው። ዕብደት ከሆነም ዕብደት ነው እንላለን፤ ማን ከለከለን?

ማን ናት ይህቺ አሮጊት?

ማሰልጠኛ ጄት ብዙ ዓይነት ነው። ከሁሉም ይልቅ በዓለም ዙሪያ ስሟ የሚነሣው ግን ቲ-33 የምትባለው ናት። ሎክሂድ የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሠርቷት ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረችው በማርች ወር 1948 ነው። (የውጪውን ታሪክ ሳወራ ዓመቶቹ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፤ የእኛን ስናገር ዓ.ም. እላችኋለሁ።)

አወላለዷ ራሱ ታሪክ አለው። ያኔ አሜሪካኖች ኤፍ-80 የሚባል አንድ ሰው ብቻ የሚቀመጥበት ተዋጊ ጄት ነበራቸው። ጄት ደግሞ ለዚያ ዘመን ሰው አዲስ ነገር ነው፤ ፍጥነቱ ያሳብዳል። በሚሽከረከር ፕሮፔለር የለመደ ልጅ ብቻውን ጄት ላይ ሲወጣ ብዙ አደጋ ደረሰ። መፍትሔው ምን ሆነ መሰላችሁ? አውሮፕላኗን አንድ ሜትር ያህል አስረዝመው ከኋላ ሁለተኛ ወንበር ጨመሩላት። በቃ! ከፊት ተማሪው፣ ከኋላ አስተማሪው። መሪው በሁለቱም እጅ ነው። የፊተኛው ሲሳሳት የኋለኛው ይቀበለዋል።

ይቺን የኋላ ወንበር በልባችሁ ያዙልኝ።

በአሜሪካ፣ በካናዳና በጃፓን ተሠርተው ከ6,500 በላይ ቲ-33ዎች ለዓለም ተዳርሰዋል። ቦሊቪያ የመጨረሻዎቹን ጡረታ ያወጣቻቸው በ2017 ነው። ሰባ ዓመት ሊሞላት ምን ቀራት?

ደግሞ ወሬው የፈረንጅ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በንጉሡ ዘመን የእኛም አየር ኃይል ቲ-33 ነበረው። ደብረ ዘይት፣ የዛሬዋ ቢሾፍቱ፣ ሐረር ሜዳ ላይ የጄትን ጠባይ የተማሩባት እሷ ነበረች። ኤፍ-86ን እና ኤፍ-5ን የመሳሰሉ ተዋጊዎች ላይ ለመውጣት መጀመሪያ ማሰልጠኛ ጄት ላይ መቀመጥ ግድ ነውና። ወደ ኋላ ሄድ ብንል ደግሞ የቃኘው ሻለቃ ልጆች በ1943 ዓ.ም. ኮሪያ ሲገቡ፣ የቲ-33 እናት የሆነችው ኤፍ-80 በዚያው ጦርነት ከላይ ሆና ለእግረኛው ጦር ትዋጋ ነበር። ታዲያ ዝምድናው ሩቅ ነው ትላላችሁ?

ሬሳ የማስነሣት ሥራ

አሁን ወደ መጋዘኑ እንመለስ። አንድ ሰው ወይም አንድ ማኅበር ከሠላሳ ዓመት በላይ ሜዳ ላይ ዝናብና ፀሐይ የተፈራረቀባት ቲ-33 ገዛ እንበል። መጀመሪያ የሚፈልገው መፍቻ አይደለም፤ መዝገብ ነው። አውሮፕላን እንደ ሰው የሕክምና ካርድ አላት። ስንት ሰዓት በረረች፣ ሞተሯ መቼ ተቀየረ፣ ክንፏ መቼ ተመረመረ፣ ሁሉም ተጽፏል። መዝገቧ የጠፋ እንደሆነ ሥራው እጥፍ ይሆናል።

ከዚያ በኋላ መፍታት ነው። ሽፋኗ ይገለጣል፤ የተበላው ብረት ይፈለጋል። በዓይን የማይታይ ስንጥቅ አለ። እሱን ለማግኘት ቀለም ያለው ቀጭን ፈሳሽ ይቀቡታል፤ ፈሳሹ ስንጥቁ ውስጥ ይገባል። ላዩን ጠርገው መርማሪ ዱቄት ሲነሰንሱበት ስንጥቁ መስመር ሆኖ ይታያል። ጎማ የሆነ ነገር ሁሉ፣ የነዳጅ ቱቦው፣ የዘይት መከልከያው፣ ደርቆ ይሰነጠቃል። የኤሌክትሪክ ሽቦው ልባስ በእጅ ሲነኩት ይረግፋል። ሞተሯ ውስጥ ደግሞ በከፍተኛ ሙቀት የሚሽከረከሩ ምላጭ መሰል ብረቶች አሉ። አንዱ እንኳ ቢሰበር ሌሎቹን ይዞ ስለሚሄድ አንድ በአንድ ይታያሉ።

ዕቃ ከየት ይመጣል? የጄት ሶማሌ ተራ የለም! ወድቀው ከቀሩ እህቶቿ ላይ ነው የሚፈታው። አንዲቷን ለማስነሣት ሁለት ሦስት ሬሳ ይገፈፋል።

የሚያስፈራው ግን ወንበሩ ነው። በክፉ ቀን አብራሪውን ከአውሮፕላኗ አስፈንጥሮ የሚያወጣው ወንበር ሥር የሚፈነዳ ነገር አለ። እሱ ደግሞ እንደ መድኃኒት የአገልግሎት ማብቂያ ቀን አለው። ቀኑ ካለፈ ወይ በአዲስ ይቀየራል፣ ወይ ጨርሶ እንዳይሠራ ይደረጋል። ሳያውቅ የሚነካካው ሰው መጋዘን ውስጥ ቁጭ ብሎ ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል።

ይህ ሁሉ አልቆ ሞተሯ መሬት ላይ ይሞከራል። ከዚያ መንደርደሪያው ላይ በዝግታ ትነዳለች። ከዚያ በኋላ ነው መብረር የሚመጣው። አሜሪካ ውስጥ የአቪዬሽን መሥሪያ ቤቱ እነዚህን ጄቶች የሚያስበርረው «ለሙከራ» በሚባል ልዩ ፈቃድ ነው። እንደ ታክሲ ሰው ጠርቶ መጫን የለም። አብራሪውም ለዚያች አውሮፕላን ዓይነት ተፈትኖ ያለፈ መሆን አለበት።

ገንዘቡስ? አትጠይቁኝ! ነዳጁን ብቻ ልንገራችሁ። ቲ-33 በሰዓት ከ1,000 ሊትር በላይ ትጠጣለች። የአንድ ትንሽ መኪና ታንከር 40 ሊትር ቢይዝ፣ የሃያ አምስት መኪና ነዳጅ በአንድ ሰዓት ጭስ ሆነ ማለት ነው። ለዚህ ነው ብዙዎቹ በማኅበር፣ በመዋጮና በነፃ ጉልበት የሚሠሩት። ካናዳ ኦንታሪዮ ውስጥ ለንደን የምትባል ከተማ አለች። እዚያ ያለው የጄት አውሮፕላን ሙዚየም የካናዳ ቲ-33ዎችን የሚንከባከበው በበጎ ፈቃደኞች ነው።

ያቺ ቀን

የምትታሰበው ቀን ብዙ ጊዜ ኖቬምበር 11 ናት። አንደኛው የዓለም ጦርነት በ1918 ያቆመባት ዕለት ስለሆነች ካናዳና እንግሊዝ የሞቱትን ያስቡባታል፤ አሜሪካ ደግሞ ያገለገሉትን ሁሉ ታከብርባታለች። አበባ ይቀመጣል፤ መለከት ይነፋል፤ ሕዝቡ ፀጥ ይላል። ከዚያ ከሩቅ አንድ ድምፅ ይመጣል።

አንዳንዴ አውሮፕላኖቹ አራት ሆነው በሰልፍ ይመጣሉ። ልክ ከሕዝቡ በላይ ሲደርሱ አንዷ ከመሐል ተነጥላ ቀጥ ብላ ወደ ላይ ትወጣለች። ሦስቱ የጎደለውን ቦታ ባዶ አድርገው ያልፋሉ። ትርጉሙ ያልተመለሰው ጓድ ነው። ንግግር የለም፤ ማብራሪያ የለም። ክፍተቱን ሁሉም ያየዋል።

ለእኔ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የእኛ ሰው ለቅሶ ሲቀመጥ የሟቹን ፎቶ ከፊት እንደሚያደርገው ሁሉ እነሱ ደግሞ ሰማይ ላይ ባዶ ወንበር ትተውለታል።

ደሙስ?

አሁን ጓደኛዬን ደግፌ ልከራከር። ምክንያቱም ነገሩ ጨዋታ ብቻ አይደለም።

ኦገስት 22 ቀን 2015 እንግሊዝ አገር ሾረም በሚባል ቦታ የአየር ትርኢት ነበር። ሃውከር ሀንተር የሚባል በ1955 የተሠራ ጄት፣ ያውም ሁለት ወንበር ያለው የማሰልጠኛው ዓይነት፣ ሰማይ ላይ ክብ ሠርቶ ሊመለስ ሲል ከፍታው አልበቃውም። አጠገቡ ያለው አውራ ጎዳና ላይ ተከሰከሰ። 11 ሰዎች ሞቱ። ከሟቾቹ ውስጥ በመንገዱ ሲያልፉ የነበሩ አሉ፤ ትርኢቱን ሊያዩ እንኳ አልመጡም። አብራሪው ተረፈ፤ በ2019 ፍርድ ቤት ቀርቦ በነፃ ተለቀቀ። ከዚያ ወዲያ እንግሊዞች ሕጉን አጠበቁት። አሮጌ ጄቶች በየብስ ላይ ሲበሩ መገለባበጥ ቀርቶ ማለፍ ብቻ ሆነ።

እንግዲህ የሞተን ለማክበር ብሎ ሌላ ሰው መግደል ምን ክብር አለው? የሟች ቤተሰብ ይህንን ቢጠይቅ ማን አፍ አለው?

የኔ መልስ ይኸውና። ሕጉ ትክክል ነው። ውለታ ለመመለስ ግልበጣ አያስፈልግም። አሮጊት ለልጅ ልጇ ሠርግ ብትጨፍር ደስ ይላል፤ ገመድ ላይ ውጪ ግን አይባልም። ቀጥ ብላ፣ ከሰው ራቅ ብላ፣ አንድ ጊዜ ካለፈች በቂ ነው። እሷም የማትችልበት ቀን ሲመጣ መሬት ላይ ትቁም። ምክንያቱም እኔ እንደሚገባኝ ትልቁ ክብር የተከፈለው ሰማይ ላይ ሳይሆን መጋዘኑ ውስጥ ነው።

እንዴት አትሉኝም?

የአፍንጫዋን ክዳን ማን ዘጋው?

በሠፈራችን አንድ ጡረተኛ አሉ። በወጣትነታቸው ደብረ ዘይት የጄት መካኒክ ነበሩ። ስማቸውን አልጽፍም፤ ጋሼ እንበላቸው። አንድ ቀን ታድሳ የምትበር ቲ-33 ፎቶ በስልኬ አሳየኋቸው። እንባ ይተናነቃቸዋል፣ «ወይ ጊዜ!» ይላሉ ብዬ ስጠብቅ እሳቸው መነጽራቸውን አደረጉና ስልኩን ተቀብለው ፎቶዋን አፍንጫዋ ላይ አስጠጉት።

«የአፍንጫዋን ክዳን ማን ነው የዘጋው?» አሉኝ።

«አላውቅም ጋሼ፤ ምነው?»

ያኔ ማስረዳት ጀመሩ። ቲ-33 አፍንጫዋ ላይ በግራና በቀኝ ወደ ላይ የሚከፈት ክዳን አላት። ቁልፉ በደንብ ሳይያዝ ከተነሣች ነፋሱ ይከፍተዋል። ገና ከመሬት ስትላቀቅ ከተከፈተ ጭንቅ ነው፤ በዚህ ምክንያት በየአገሩ አደጋ ደርሷል። ስለዚህ እሳቸው ሁልጊዜ ቁልፉን ካዩ በኋላ በመዳፋቸው ሁለት ጊዜ ይጫኑታል። አብራሪው ዞሮ ቢያየውም ይጫኑታል። ይህንን ሲነግሩኝ እጃቸው በአየር ላይ ክዳኑን እየተጫነ ነበር።

ሻይ ይዛ የመጣችው ልጃቸው በሩ ላይ ቆማ ቀረች።

«አባዬ፣ ይሄን ነግረኸን አታውቅም እኮ» አለች።

«መቼ ጠየቃችሁኝ?» አሉ።

በቃ፣ ነገሩ ይኸው ነው ወገኖቼ! የ1969 እና 70 ዓ.ም. የኦጋዴን ጦርነት ሲነሣ ኤፍ-5 ሲያበሩ ተመትተው ሶማሊያ ውስጥ 11 ዓመት የታሰሩትን አብራሪ ታሪክ ብዙዎቻችን ሰምተናል። ይገባቸዋልም። ክዳኑን ሁለት ጊዜ የሚጫነውን ሰው ግን ማን ጠየቀው? ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ስንቱን ልጅ ከሞት ያተረፈውን አስተማሪስ?

ያ የፈረንጅ መጋዘን ውስጥ ያለው ጎረምሳ ግን መጠየቅ ግድ ሆኖበታል። መጽሐፉ የማይነግረው ነገር አለ። የትኛው ብሎን በስንት ኃይል ሲጠብቅ እንደሚበጠስ፣ ሞተሯ ስትነሣ የትኛው ድምፅ ደግ፣ የትኛው ክፉ እንደሆነ የሚያውቁት ሽማግሌው ናቸው። ስለዚህ ልጁ «አሳዩኝ» ይላል። ሽማግሌውም ከሠላሳ ዓመት በኋላ እንደገና አስተማሪ ይሆናሉ። የኋላው ወንበር ላይ ተመልሰው ይቀመጣሉ ማለት ነው! ለአንድ ዘማች ከዚህ የበለጠ ምን ሜዳሊያ አለ? «አመሰግናለሁ» ማለት ጥሩ ነው፤ «ያውቁታልና ያስተምሩኝ» ማለት ግን ሰውየውን ያስነሣዋል።

ታዲያ እኛ ምን እናድርግ?

ጄት መግዛት አንችልም፤ የታክሲም ያጥረናል። ግን ያለ ጄት የሚሆን ነገር ሞልቷል። የአየር ኃይልም ይሁን የእግረኛ፣ የባሕር ኃይልም ይሁን የቃኘው ዘማች በየቤታችን፣ በየዕድራችን፣ በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ ደጃፍ አሉ። የየትኛው መንግሥት ወታደር ነበሩ የሚለውን ክርክር ለጊዜው ተዉትና እነዚህን ሞክሩ።

አንደኛ፣ ሥራቸውን ጠይቁ። «ስንት ሰው ገደልክ?» ብሎ ጥያቄ ብልግና ነው፤ ቁስልም ይነካል። ይልቅ «ጠዋት ስትነሡ መጀመሪያ የምትሠሩት ምን ነበር?» በሏቸው። ከዚያ ወሬው በራሱ መንገድ ይሄዳል። ዝም ካሉም አታስጨንቋቸው፤ ሌላ ቀን አለ።

ሁለተኛ፣ አስፈቅዳችሁ ድምፃቸውን ቅዱ። ቀኑን ሙሉ ዘፈን የምንሰማበት ስልክ ለዚህ ግማሽ ሰዓት አያንሰውም። የምትቀዱበትን ቀንና ቦታ መጀመሪያ ላይ ተናገሩ።

ሦስተኛ፣ ፎቶዎቹን ይዛችሁ አጠገባቸው ቁጭ በሉ። ማን ማን እንደሆነ፣ የት እንደተነሡ፣ በስንት ዓ.ም. እንደሆነ ከጀርባው በእርሳስ ጻፉ። እስክሪብቶ በጊዜ ብዛት ወደ ፊት ይዘልቃል። ስም የሌለው ፎቶ ከሁለት ትውልድ በኋላ ወረቀት ብቻ ነው።

አራተኛ፣ ዕቃቸውን ለልዋጭ አትስጡ! ያ የዛገ ሜዳሊያ፣ ያ የቆየ መታወቂያ፣ ያ የሥራ ማስታወሻ ደብተር በአንድ ፕላስቲክ ባልዲ የሚለወጥ አይደለም። ቤት ስታጸዱ «ይሄ ምንድን ነው?» ብላችሁ ሳትጠይቁ አትጣሉ።

አምስተኛ፣ ሙያቸውን ቅሰሙ። ጡረተኛው መካኒክ የጎረቤቱን ጄኔሬተር በድምፁ ብቻ ምን እንደነካው ይነግራችኋል። ጡረተኛዋ የጦር ሆስፒታል ነርስ ቁስል አጠባጠብ ታሳያችኋለች። ሥራ የፈታ ወጣትና የሚጠይቀው ያጣ ባለሙያ በአንድ ሠፈር እየኖሩ አለመተዋወቃቸው አይገርምም?

ስድስተኛና የመጨረሻው፣ ለቅሶ አትጠብቁ። እኛ አበሾች ሰው ሲሞት ድንኳን ጥለን፣ የሕይወት ታሪክ አንብበን፣ «እንዲህ ዓይነት ሰው ነበሩ እንዴ!» ማለት እንወዳለን። በንባቡ የተገረመው ሁሉ በሕይወት ሳሉ አንድ ሻይ ቢጋብዛቸው ኖሮ ከራሳቸው አፍ ይሰማው ነበር።

ስለዚህ ዕብደት ነው ወይስ ውለታ መመለስ? ለሚያልፍ ለሚያገድመው ቀብጦ የሚገለባበጥ ከሆነ ዕብደት ነው። ሽማግሌውን አስተማሪ፣ ልጁን ተማሪ ካደረገ ግን ውለታ መመለስ ነው። ለሁለተኛው ደግሞ ጄቷ ሰበብ ናት እንጂ ግዴታ አይደለችም፤ አንድ የቆየ ራዲዮም ሰበብ ይሆናል።

የሚቀጥለው ቅዳሜ የትም አትሂዱ አልላችሁም። ከመሄዳችሁ በፊት ግን አንድ ሽማግሌ ዘንድ ጎራ በሉና «እስቲ ያሳዩኝ» በሉ። ምን እንዳሏችሁም ጻፉልኝ።

ሳምንት በሌላ ጉዳይ እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ!